ለክሌም የቀረው ዓሣ

ናሬል ከካልጎርሊ እስከ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ኤስፐራንስ መኪና እየነዳች የመጣችው አባቷን ልትወስድ ነው። ሁልጊዜም የምትመጣው ልትወስደው ነው፤ ሁልጊዜም ብቻዋን ትመለሳለች።

አባቷ ክሌም ክረምቱ ሲገባ ወጥ ቤቱ ውስጥ ወድቆ፣ ጎረቤት እስኪደርስለት ድረስ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ናሬል የረባ እንቅልፍ አልተኛችም። ማዕድን ማውጫው ውስጥ ገልባጭ መኪናዋን እየነዳች እንኳ የምታስበው ያንን ወለል ነው። ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል አዘጋጅታለታለች። እሱም እሺ ብሏል፤ እሺታው ግን ቅጥያ ነበረው።

«ከዚህ ዳርቻ ያልያዝኩት ዓሣ ማሎዌይን ብቻ ነው። እሱን ልያዝና በማግስቱ ጓዜን ጭነሽ ትወስጂኛለሽ» ብሏታል።

ክሌም ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው የለም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደወትሯቸው ባሕሩ ውስጥ በገባው የድንጋይ ግድብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ክሌምና ቤቫን ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብረው ያጠምዳሉ። ፉክክራቸው ማን ትልቅ ያዘ ሳይሆን ማን ብዙ ዓይነት ያዘ ነው። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ የማጥመጃ ዘንግህን ሌላ ሰው ከነካው ዓሣው አይቆጠርም። ሚስቶቻቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ እነዚያን ዘንጎች ነክተው አያውቁም።

«አለቃችን መጣች!» አለ ክሌም።

«ደህና ነህ አባዬ? ምሳ በልተሃል?»

«ቤቫን የስጋ ፓይ ገዝቶ ግማሹን መንገድ ላይ ጨርሶ መጣ።»

«ግማሹንማ አንተ በላኸው፣ ቀጣፊ» አለ ቤቫን።

ናሬል ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወገቧን አሟታል።

ቤቫን ቀንቶታል። ሄሪንግ ይዟል፣ ዋይቲንግ ይዟል፤ ቀጥሎ አሸዋ የሚመስል ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ዓሣ አወጣ። «ይኸው ሦስተኛ ዓይነት! አንተ ሰውዬ፣ ባሕሩ አኩርፎሃል እንዴ?»

«አፍህን ዘግተህ አጥምድ፣ ለፍላፊ።»

ትንሽ ቆይቶ የቤቫን የማጥመጃ መስመር ድንጋይ ውስጥ ተሰንቅሮ ተበጠሰ። «መንጠቆ ስጠኝ እስቲ» አለ። ክሌም ከሳጥኑ አንድ እሽግ አውጥቶ እንዳለ ወረወረለት። ናሬል እሽጉን አወቀችው። ለገና ያመጣችለት ነው፤ ገና አልተከፈተም። ስጦታዋ ለቤቫን ሲሳይ መሆኑ ከነከናት። ይህ ሰው የአባቷን ነገር ሁሉ የራሱ አድርጎታል።

ክሌም ጀርባውን ለነፋሱና ለእነሱ ሰጥቶ ማባበያውን አዘጋጀ። ግማሽ ሄሪንግ በቀጭን ክር ደጋግሞ ጠመጠመ።

«ይህን ያህል ክር ለምንድን ነው?» አለች ናሬል።

«ካልታሰረ ይበታተናላ» አለና ወረወረ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የክሌም ዘንግ ጎበጠ። መስመሩ እየጮኸ ወጣ። ናሬል ብድግ አለች፤ እጇ ወደ ዘንጉ ሲሄድ ሕጉ ትዝ አላትና መለሰችው። «አባዬ፣ ያዘው! ማሎዌይ ነው!» ክሌም ቀስ ብሎ ተነሳ። ዘንጉ ተመልሶ ቀጥ አለ።

«ተፋው» አለ ክሌም።

ሁልጊዜ ይነክሳል፤ ሁልጊዜ ይተፋዋል። ናሬል ዞር ስትል ቤቫን ትንፋሹን በረጅሙ ሲለቅና ሊስቅ ሲል አየችው።

ክሌም አዲስ ማባበያ አስሮ ወረወረና ዘንጉን ማቆሚያው ላይ ትቶ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አዘገመ። ናሬል እስኪርቅ ጠበቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ የምትለውን ሰው አጎቴ ማለት አቃታት።

«ቤቫን፣ መንጠቆዎቹን ምን እያደረግካቸው ነው?»

«እኔ?»

«ጫፋቸውን ሞርደህ ታዶለዱማለህ አይደል? እሱ ከሄደ ብቻህን ትቀራለህ፤ ይገባኛል። ግን ደግሞ ቢወድቅስ? በዚያ ጉልበትህ አንተ ልታነሳው ነው? ደከመኝ እኮ! እየነዳሁ መምጣት ደከመኝ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ ደከመኝ!»

«ብቻዬን እቀራለሁ። እሱስ እውነት ነው» አለ ቤቫን።

ናሬልም ማረጋገጫዋን በእጇ ልትይዝ የአባቷን ዘንግ አነሳች።

«ተይ ናሬል» አለ ቤቫን፤ ድምፁ ተለወጠ። «አትንኪበት። እባክሽ።»

አልሰማችውም። መስመሩን ጠቅልላ ጠቅልላ ጫፉን ከውኃው አወጣችው።

መስመሩን የሚያሰምጠው እርሳስ አለ፤ በክር ጥፍር ተደርጎ የታሰረው ግማሽ ሄሪንግም አለ፤ መንጠቆ የለም።