በአንድ ዓይን

ወንድሟ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። በሙያው ወግ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ኃጥእ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን።

የእናታቸውን ሞት እየሳለ መሆኑን ስትሰማ መጣች። እናታቸውን ከሆስፒታል አስወጥታ ጸበል የወሰደቻት እሷ ናት። እሱ ደጋግመው ቢጠሩትም የጀመርኩትን ሥዕል ልጨርስ ብሎ ከቀብር በኋላ ነበር የደረሰው። ከዚያ ወዲህ ስለ እናታቸው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሥዕሉ ግማሽ በነጠላ ተሸፍኗል።

«የሸፈንከው እኔን ነው፣ አይደል ጋሼ?»

«አልደረቀም እቴ፣ አትንኪው።»

«ከይሁዳ ጋር አሰልፈኸኝ ነዋ!»

ነጠላውን ገፈፈችው። እሷ የእናቷን እጅ ይዛ ተቀምጣለች፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች። በሩ ላይ አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ያለው አንድ ዓይን ነው፤ በእጁ ብሩሽ ይዟል።