የሚሄደው ሆቴል

ባሕሩ የአፋርን ቆላ ከሸፈነ ወዲህ በዳርቻው የጸና አንድ ሕግ ነበር፤ ግመል ላይ የማይጫን ቤት አይሠራም። ካዲጋ የምታስተዳድረው ሆቴልም በዘንባባ ዘንግ ላይ ሰሌን የለበሱ ጎጆዎች ነበሩ።

አንድ ጠዋት አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለ። ከአዲስ አበባ ለጫጉላ ሽርሽር የመጣችው ትሁት ስልኳን ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

"እትዬ ካዲጋ፣ በረራችን ተሰረዘ! የት ልንገባ ነው?"

"ምን አስሮጠሽ፣ ልጄ? ሆቴሉ ይሄዳል፤ እናንተም አብራችሁት ትሄዳላችሁ።"

የሆቴሉ ሴቶች መቀነታቸውን አጥብቀው ተነሡ። በአፋር ቤት የሚቆመውም የሚፈርሰውም በሴት እጅ ነውና ወንዶቹ ግመል ከመያዝ አላለፉም። ሰሌኑ ተጠቀለለ፣ ዘንጉ ታሰረ፤ የትሁት ባል እንኳ "ያዝ!" ሲሉት ያዘ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሆቴሉ በሙሉ በግመል ተጭኖ ከዳርቻው በላይ ያለው ተራራ ላይ ወጣ።

አውሎ ነፋሱ መጣ። ዳርቻውን ገረፈው፣ አሸዋውን አገላበጠው፤ የሚሰብረው አንድ ምሰሶ ግን አጣ። ሴቶቹ ከላይ ሆነው እልልታውን አቀለጡት።

ነፋሱ ሲረግብ ካዲጋ እዚያው ተራራው ላይ የመጀመሪያውን ጎጆ ልትተክል ተነሣች። ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጣችና ለትሁት ሰጠቻት።

"እናቴ ናት። ፎቶዋን የምሰቅልበት ግድግዳ ኖሮኝ አያውቅም። ሥራዬን እስክጨርስ አንቺ ግድግዳ ሁኚላት።"

ትሁት ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ካዲጋም ትከሻዋን ይዛ ወደ ባዶው ዳርቻ አዞረቻትና ሳቀች።

"እዪው እናቴ፣ ነፋሱን ዘንድሮም ባዶ እጁን መለስነው!"