ባለገበሩ ኮት

በላይነሽን ያስቀረቻት ዙህራ ናት ተባለ። ናዝሬት አንድ ጊዜ ተባለ ማለት ደግሞ ሆነ ማለት ነው።

ሁለቱ በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ጎን ለጎን የሚሠሩ ጓደኛሞች ነበሩ። በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ባሕር ማዶ ኤደን ያለ ፋብሪካ ሰፊዎች ሲፈልግ፣ ማኅበሩ ለመውጫ ቪዛ አንድ ሰው በናሙና እንዲያጭ ታዘዘ። የዙህራ ቀሚስ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው የበላይነሽ ኮት ነው፤ ገበሩ እንኳ ልጥፍ ያለ። ዕድሜዋን አንሶላ ስትዘመዝም የኖረች ሴት ይህን ማውጣቷ ጉድ ተባለ።

"ዙህራ ትንሽ አግዛኛለች" አለች በላይነሽ። ሰው ትሕትናዋን ወደደላት።

ወዲያው መመሪያው ተለወጠ። ከቤት የመጣ ናሙና ቀረ፤ እጩው ሰኞ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ፈታኝ ፊት ቁጭ ብሎ ይሰፋል።

ሐሙስ በቀበሌው የጥቆማ ሳጥን ውስጥ ስም የሌለው ወረቀት ተገኘ፦ "በላይነሽ ከወጣች አትመለስም።" ሊቀመንበሩ ጓድ ነጋሳ አንብቦ ኪሱ ከተተው፣ ስሟንም ሰረዘ። ዕድሉ ለዙህራ ዞረ።

"ዙህራ ገና በመሠረተ ትምህርት ስሟን መጻፍ እየተማረች አይደል?" ያለ ሰው ነበር።

"አስጽፋ ነዋ" አለች አበበች፣ የማኅበሩ አፍ።

ስምንተኛ ክፍል የዘለቀችው በላይነሽ አንገቷን ደፍታ ከረመች። ሲያጽናኗት ታለቅሳለች፤ ዙህራ ስትገባ ትወጣለች። "ልቧ ተሰብሮ ነው" አሏት።

ዙህራ ሰኞ ተፈትና አለፈች። የቀራት የማኅበርተኞቹ የድጋፍ ፊርማ ነው፤ እስከ ማግስቱ ካልገባ ዕድሉ ለሻሸመኔ ማኅበር ሊሰጥ ነው። ሦስት ልጆቿ አርሲ ነገሌ እናቷ ዘንድ ይህን ይጠብቃሉ።

አበበች ወረቀቱን በሁለት ጣቷ መለሰችላት። "ያንቺ መርፌ ለካ ጨርቅ ብቻ አይደለም የሚወጋው።"

የቀሩትም ፊታቸውን አዞሩ። ዙህራ የመጨረሻውን በር አንኳኳች።

"በላይዬ፣ ወላሂ እኔ አልጻፍኩም። አንቺ ከፈረምሽ ሁሉም ይፈርማል። ከፈለግሽ ስደቢኝ፤ ብቻ ዝም አትበይኝ።"

በላይነሽ ቀና ብላ ሳታያት ፈረመች። ከዚያ፦

"የጻፍኩትማ እኔ ነኝ። አንቺ በሰፋሽው ኮት አልፌ፣ ፈታኝ ፊት ምን ልሰፋ ነበር?"