ቀስቱን ያዞረው እጅ

ቀስቱ ዛሬም ዞሮ ተገኘ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ።

ከተማውን የሚከበው አዲሱ ቀለበት መንገድ ቅዳሜ ይመረቃል፤ የከባድ መኪኖቹ መስመር ግን ከወዲሁ ተከፍቷል። ከኩርባው ወዲያ ባለ አንድ እግር የብረት ምልክት ቆሟል። ነጭ ቀስቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀለበት መንገዱ መግቢያ ማመልከት ነበረበት። በየማለዳው ግን ወደ ግራ፣ ወደ ጎሚስታዋ ጠባብ መንገድ ዞሮ ይገኛል።

ምልክቱን ያመነ ሹፌር ተሳቢውን እየጎተተ እሷ ደጅ ድረስ ይገባና መውጫ ያጣል። ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ሹል ድንጋይ ጎማውን ይበሳዋል። ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ጎማ ጠጋኟ አፍንጫው ሥር ናት።

ሰው ታዲያ ምን ይበል? «የሚያዞረው የሚጠቀመው ነው» አለ ሰፈሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ከሁሉም ኋላ ሰማች። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጎማ እየፈታች፣ ጎማ እየሞላች በሁለት እጇ ታድራለች። ቤቷ ያረፈው በመንገዱ ይዞታ ላይ ነው። ሹፌሮች ቢያማርሩ የመንገድ ሥራው ቢሮ አንድ ነገር ብቻ ነገራት፦ ከተቆጣጣሪው አንድ የጽሑፍ ሪፖርት ከመጣ ጎሚስታ ቤቷ ይፈርሳል።

ተቆጣጣሪው ደግሞ በየቀኑ ደጇ ነው። የመንገድ ምልክቶች ኃላፊ ነው፤ ሰፈሩ አቶ ቀስት ይለዋል። ቀበቶው ላይ ቁልፍና ሜትር አንጠልጥሎ፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ከከተማው በኩል በእግሩ ይመጣል። ገና ከመድረሱ፣

«ወይዘሮ፣ ዛሬም ዞሯል» ይላል።

ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል፣ ሻይዋን ይጠጣል፣ ይመረምራል። ትናንት ስንት ሰዓት ዘጉ? የምልክቱን ብሎን የሚፈታ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አለዎት? የሌለው ጎሚስታ አለ እንዴ! ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው የወንድ ጃኬት የማነው? የወንድሜ ነው ስትለው ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። ሻዩ ሲያልቅ ወደ ኩርባው ይሄድና ቀስቱን አስተካክሎ ወደ ሥራው ያልፋል።

መጀመሪያ ሰሞን ሩብ ሰዓት ነበር የሚቀመጠው። አሁን አሁን ምርመራው ጠብቆ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ያስጨርሳል።

እሷን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አላት። ብሎን ትፈታና የት እንዳስቀመጠችው ይጠፋታል። የሞላችውን ጎማ መልሳ ትሞላለች። የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር አፍራሾች የመጡ እየመሰላት መፍቻዋን ጥላ ደጅ ትወጣለች።

በመጨረሻ ጥርጣሬዋ ወንድሟ ላይ አረፈ። አብሯት የሚሠራ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሥራ ሲበዛ ያንጎራጉራል፣ ሥራ ሲጠፋ ያኮርፋል። ማለዳ ወጥቶ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። ውኃ ልቀዳ ሄጄ ነው ይላል።

«እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ እንኳን ቀስት፣ ፍራሼን ገልብጬ አላውቅም» አላት።

በዚህስ አልዋሸም፣ ሰነፍ ነው። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሐሙስ ወደ ማምሻው መላ መጣላት። ጎማ የተበሳበትን ቦታ የምታመለክትበትን ሰማያዊ ጠመኔ ወቅጣ በግራሶ ቅባት ለወሰችው። ይሄ ነገር አንዴ እጅ ከነካ ሁለት ቀን አይለቅም። እጇን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ ሄደችና የምልክቱን ጀርባና ጠርዝ ቀባችው።

ዓርብ ጠዋት ወንድሟን እጅህን አሳየኝ አለችው። ገልብጦ አሳያት። እንደ ወትሮው ጥቁር ነው፤ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም። እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ባሰባት። ታዲያ ማነው?

አቶ ቀስት ከከተማው በኩል መጣ።

«ወይዘሮ፣ ዛሬም ዞሯል።»

ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። በግራው ደብተሩን ጎማ መሙያው ላይ አስቀመጠና ከነገ ጀምሮ ሥራው ወደ ከተማው ማዶ እንደተዛወረ ነገራት። ይህን ሲናገር የሚያየው የተደረደሩትን ጎማዎች ነበር። ሻዩን ዘረጋችለት። በግራው ተቀበለ፤ ብርጭቆው ሲያቃጥለው ደገፍ ለማድረግ ቀኙን ከኪሱ አወጣ።

መዳፉ ሰማያዊ ነው።

እጅ ከፍንጅ! ዛሬ ቀስቱን ገና አላስተካከለም። ደሟ ፈላ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳት፣ በሰፈር ያሳማት፣ የገዛ ወንድሟን ያስጠረጠራት ይሄ ኖሯል? ምን ብሎ እንደከሰሳት ልታይ ደብተሩን አፈፍ አድርጋ ገለጠችው። በየገጹ ቀን ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ቀን ሥር ያለው ግን አንድ ዓይነት መስመር ነው፦ «ቀስቱ በቦታው ነው። ችግር የለም።»

ቀና ብላ አየችው። ሰውየው እስከ አንገቱ ቀልቷል፤ ብርጭቆውን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶታል። ሆድ ይፍጀው ብላ ደብተሩን መለሰችለት።

«ከምረቃው በኋላ ምልክቱ ቢዞር የሚመጣው ማነው?» አለችው።

«ለስድስት ወር ዋስትና አለው። ዞሯል ብለው ከጠሩ እኔው ነኝ» አለ ዓይኑን ሳያነሣ። «ካልዞረ ግን ማንም አይጠራኝም።»

ሄዶ ቀስቱን አስተካከለ።

ቅዳሜ ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ መኪናው ሁሉ በትክክለኛው መግቢያ ገባ። የጎሚስታዋ ደጅ ጭር አለ። ሐሜቱ ቆመ፣ አፍራሽ አልመጣም፤ እሷ ግን መቀመጥ አቃታት። እሑድ ሁለት ጊዜ ሻይ አፈላች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይጠጣ በረደ።

ሰኞ ማለዳ ወንድሟ ውኃ ቀድቶ ሲመለስ እህቱ ሁለት ብርጭቆ ደርድራ እጇን በሳሙና ደጋግማ ስታሽ አገኛት፤ ሰማያዊው አልለቅ ብሏታል።