«መጣሁ» እስኪል

የደራሲው ሚስት የባሏን መጽሐፍ ከማንም ቀድማ የምታውቀው በማንበብ አይደለም፤ አብራው በመኖር ነው። ሰውየው የሚጽፈውን ሰው ካልሆነ መጻፍ አይሆንለትም።

የወንጀል ልቦለዱን ሲጽፍ ሽንኩርት ገዝታ በተመለሰች ቁጥር ከማን ጋር ቆማ እንዳወራች ይመረምራት ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ሌባ ቤት ድረስ አምጥቶ «ወንድሜ ነው» ብሎ ያስተዋወቃትም ያኔ ነው። አመሉን ስለምታውቅ ለወንድምየው እራት አቀረበች፤ ማንኪያዎቹን ግን ቆጥራ ነው። የዓይነ ስውሩን ተውኔት ሲጽፍ ዓይኑን ጨፍኖ ሲደናበር ከርሞ ያልሰበረው ብርጭቆ የለም። ስለ ቋጣሪው ነጋዴ ሲጽፍ ስኳር ቆለፈባት። የፍቅር መጽሐፉ ጊዜ ደግሞ ትራሷ ሥር ደብዳቤ ያስቀምጥላት ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ ደብዳቤውም አለቀ፤ ያን ጊዜ እንኳን ትንሽ ከፍቷታል።

ልጆች በእሱ ተረት ይተኛሉ፤ ሹፌሮች የሬዲዮ ድራማውን ለመጨረስ መኪናቸውን ዳር ያቆማሉ፤ ዘፋኞች ግጥም ፍለጋ በሩን ያንኳኳሉ። ሰው ሁሉ «ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው?» ይላል። እሷ ደግሞ አንድ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ስንቱን ባል አብልታለች።

ደግነቱ ሁሉም ይሄዳሉ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ዕለት ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆምና «መጣሁ» ይላታል። በቃ፣ ባሏ ነው።

«መጣሁ» ካላት ግን ስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ።

የሰሞኑ መጽሐፍ አእምሮው ስለከዳው ሽማግሌ መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ ሳቀች። ስኳሩ ላይ «ስኳር»፣ ጨው ላይ «ጨው»፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ «መጸዳጃ ቤት» ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ለጠፈ።

«ዕድሜህን ሙሉ የኖርክበት ቤት ጠፋህ?» አለችው።

«ለማንኛውም ብዬ ነው» አላት።

እየዋለ ሲያድር ሳቋ ቀረ። ምሳ ሳይቀርብ «አሁን እኮ በላን» ይላል። ያልነገራትን ነገር «ጠዋት ነግሬሽ ነበር» ይላል። መነጽሯን ፍሪጅ ውስጥ አገኘችው፤ ለምን እዚያ እንዳስገባው ብትጠይቀው ጠርጎ ዓይኗ ላይ አደረገላት። የምድጃውን ማብሪያ ነቅሎ ደበቀ። የውጭውን በር ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና «እኔ ባልሽ ነኝ» ይላል፣ እንዳይጠፋበት የሚያጠና ይመስል።

ይባስ ብሎ ሰው አመጣ። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ልብስ ታጥባለች፣ ጸጉሯን ታበጥርላታለች።

«ልጃችን ናት» አላት።

ሌባውን «ወንድሜ» ያለ ሰው አይደል፤ እሺ አለች። ሴትየዋ ደግሞ ሥራዋን ታውቃለች። «እማዬ» ባለቻት ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል።

አንድ ቀን አሳታሚው ብቅ አለ። የሚያጫውታት እሱ ስለሆነ ስትወደው ኖራለች። በሩ ላይ ያዘችው።

«መጽሐፉ ምን ላይ ደረሰ?»

«የትኛው፣ እትዬ?»

«የሽማግሌው ነዋ።»

አሳታሚው ደራሲውን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። «ይደርሳል» አለ። «አይዞዎት።»

«ስንት ምዕራፍ ቀረው?»

«ይበሉ ደኅና ይሁኑ» አላት። ሲወጣ ደራሲውን አቅፎ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው። እንደዚያ የሚታቀፍ ሰው መከራ የደረሰበት ነው።

ያኔ ፈራች። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ሽማግሌም ባሏን ላይመልስላት ነው። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ አገኘችው።

«ተወው እሱን ሰውዬ» አለችው። «ልቦለድ ነው። ና ተመለስ።»

«ወዴት?» አላት።

እጁን ይዛ ጎተተችው። ለመነችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ከጉድጓድ ቢሆን በገመድ ይወጣል፤ ከመጽሐፍ ውስጥ ሰው በምን ይወጣል? አቅም አጣች።

በመጨረሻ ስንት ገጽ እንደቀረው ራሷ ልታይ ተነሣች። እሱ ሲጽፍ የጽሕፈት ክፍሉ አይነካም፤ አንድም ቀን ደፍራ ገብታ አታውቅም። በሩን ገፋችው። የጽሕፈት መኪናው ላይ የእሷ የሌሊት ልብሶች ታጥፈው ተደርድረዋል። ወረቀት በሚቆለልበት ቦታ የሴትየዋ ሻንጣ ተቀምጧል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቀለም ደርቋል።

ሴትየዋ ከኋላዋ መጣች።

«የሚጽፈው የት አለ?» አለቻት የደራሲው ሚስት። «ንገሪኝ እስቲ፤ ይከፍልሽ የለ? መቼ ነው 'መጣሁ' የሚለኝ?»

ሴትየዋ ሁለት እጆቿን ያዘቻት።

«እማዬ፣ አባዬ መጻፍ ከተወ ቆየ እኮ። አንቺን እያስታመመ ነው።»