በአንድ ጎማ

ባልተመረቀው አስፋልት ላይ፣ የስፖርት ሞተሩን የፊት ጎማ አንሥቶ በዝግታ መንዳት ይለማመዳል። በወደቀ ቁጥር መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱት እናት «እኔን ድፍት ያርገኝ!» ይላሉ፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ። ከመላላጡ ይልቅ የሚያመው ይኼ ነበር።

ዛሬ ጮኸባቸው።

«እማማ፣ ይተዉኝ በቃ! ሕፃን አይደለሁም!»

እሳቸው ፊታቸውን ወደ በቆሏቸው መለሱ።

ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አድርጎ ነዳጅ ሰጠ። ጎማው ተነሣ፤ ከልክ በላይ ተነሣ። እሱ በጀርባው ሲወድቅ፣ ሞተሩ ብቻውን ተንሸራቶ ሴትዮዋን ከነምድጃቸው ደፋቸው።

ሮጦ ደረሰ። ሞተሩን ከእግራቸው ላይ ሲያነሣ ማለት የሚገባውን ያውቅ ነበር፤ ከአፉ አልወጣም። እሳቸው ግን የሚደማውን መዳፉን አዩ። ጓደኞቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እኔን» አሉት።