ሂሩት ያነበበችው የጃፓን መጽሐፍ

ይህን የነገረችኝ ባለሱቋ ረቢዓ ናት። ሱቋና የነሂሩት ግቢ በአንድ ቆርቆሮ አጥር ስለሚዋሰኑ፣ ከዚያ ቤት የሚወጣ ቃል አያመልጣትም ነበር።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት፣ አሰብ በከባድ መኪና በተጨናነቀችበት ጊዜ ነው። ሂሩት ወደብ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ባሏ ጫኔ የአዲስ አበባ መስመር ሾፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ባትሪ ፊቱ ላይ ፈንድቶ ዓይኑን አጣ ተባለ። ድሮ ሚስቱ ከመርከበኛ ጋር ሳቀች ሲባል ሰፈር የሚያምስ ቅናተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ በረንዳ ላይ የሚውል፣ በግ የሆነ ሰው ሆነ።

አንድ መርከበኛ ለሂሩት መጽሐፍ ሰጣት። ጃፓናዊ የጻፈው፣ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ። ፀሐይ በረድ ሲል ወደ አማርኛ እየመለሰች ለጫኔ ታነብለታለች። ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው! ከዳር እስከ ዳር የአንዲት ሴት ሐሳብ ነው፤ በሽተኛ ባሏን እያጎረሰች በልቧ የምትገድል ሴት። ኋላ ላይ በሚጠጣው ውስጥ መርዝ ትጨምርበታለች።

እዚያ ላይ ስትደርስ ሂሩት ቀስ ብላ ገለጠችና አለፈች።

«ዘለልሽ እኮ» አላት ጫኔ።

«ምኑን?»

«አንድ ገጽ ነዋ። አንብቢው፣ እኔ ሕፃን ነኝ?»

ረቢዓ ከአጥሩ ማዶ «ወይ የዕውር ጆሮ!» ብላ ተደነቀች።

ከቀናት በኋላ ሂሩት ሱቅ መጣች።

«ረቢዓዬ፣ የአይጥ መርዝ አለሽ?»

«ለምንሽ ነው?»

«ለአይጥ ነዋ፣ ለባሌ መሰለሽ? ጫኔ ማድ ቤቱን ፈጁት እያለ ነዘነዘኝ። እኔስ አንድም አላየሁ።»

ረቢዓ ሸጠችላት። ሂሩት ሥራ ስትሄድ ግን በአጥሩ በኩል ጫኔን ጠራችው።

«ወንድም ጫኔ፣ ወላሂ ሚስትህ የምትሰጥህን አትጠጣ። መርዝ ገዝታለች።»

«ሂሩትዬ? ዝንብ እንኳ አትገድልም!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ክፉ ካገኘኝ ግን ምስክሬ አንቺ ነሽ» አላት።

በማግስቱ ረቢዓ የአጥሩ ሽንቁር ላይ ዓይኗን ተከለች። ሂሩት በሁለት የፕላስቲክ ኩባያ፣ በቀይና በሰማያዊ፣ የሎሚ ጭማቂ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ መጽሐፉንም ልታመጣ ገባች። ይሄኔ ገበያተኛ መጣና ረቢዓ ሮጠች። ስትመለስ ጫኔ እየጠጣ ነው።

«ቀዩን ላንቺ ትቼልሻለሁ» ይላል። «ጉሮሮሽን አርጥቢና አንብቢልኝ።»

ሳይመሽ ሂሩት ሞተች።

ፖሊስ ሲመጣ ረቢዓ የምታውቀውን አልደበቀችም። መርዙን የገዛች ሂሩት፣ መጽሐፉን ያነበበች ሂሩት፣ ጭማቂውን የቀዳች ሂሩት። ኩባያው ተምታቶባት ነው፣ ምስኪኑን ዕውር ፈጣሪ አተረፈው ተባለ። ከቀብር ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ እየተሻማ እጁን ይዞ መራው።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም ተበተንን። ሂሩት አሰብ መቃብር ቀረች። ረቢዓ ደሴ ላይ ሱቅ ከፍታለች።

ጫኔ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል።